ለሙዝ ግንድ የተጸለየ ጸሎት

አያት ስለሆኑ ሎላ የሚባሉት ፑሪንግ ፎጣቸውን እያውለበለቡ አሸዋው ላይ ይሮጣሉ። ጉልበታቸው የድሮው ጉልበት ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጃቸውን ደርሰው በያዟት ነበር።

«ጁቪ! አንቺ ልጅ! ፀጉርሽ እርጥብ ነው፣ ነፋስ ይመታሻል!»

ጁቪ ግን የት ሰምታ። ፊቷን ዱቄት ተለቅልቃ፣ አንገቷ ላይ ቀይ ቀለም የገባበት የኮኮናት ሽሮፕ ፈስሶባት፣ ከሙታኑ ጋር ተሰልፋለች። ደሙ ጣፋጭ ስለሆነ ጉንዳን ወሮታል። ከጎኗ የቆመው ዓሣ አጥማጁ ቴሮይ የተቦጫጨቀ መረብ ተከናንቧል።

«ተዉአት እንጂ እማማ ፑሪንግ! እኔ ከሞትኩ ሰነበትኩ፤ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም።»

«አንተማ በቁምህም ሬሳ ነህ። ሚስትህን ጠይቃት!»

ሙታኑ ሁሉ በሳቅ ፈረሱ።

ከማኒላ የመጡት ሰዎች የሚያስፈራ ፊልም እየሠሩ ነው። ቱሪስቶች ጀልባቸው ተሰብሮ ደሴቲቱ ላይ ይቀራሉ፤ ባሕር የበላቸው ሙታን ደግሞ ከውኃው እየወጡ አንድ በአንድ ይጨርሷቸዋል። ሙታን የሆኑት የመንደሩ ሰዎች፣ ቱሪስት የተባሉት ደግሞ ፀጉራቸውን ቢጫ ያስነከሩ የማኒላ ልጆች ናቸው። እውነተኛው ፈረንጅ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ዶሮ ይፈራል። መርከቡ ቀለም የተቀባ ካርቶን ስለሆነ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር በዪውም ተበዪውም አብረው ተሸክመውት ወደ ጥላ ይሮጣሉ።

መንደሩ በዚህ ሲስቅ ይውላል። ሎላ ፑሪንግ ግን አይስቁም። ባሕር የበላው ሰው ለእሳቸው ቀልድ አይደለም።

ልጃቸው ሮዴልዮ፣ የጁቪ አባት፣ ከዚያ ክፉ ዐውሎ ነፋስ በፊት መረቡን ጭኖ እንደወጣ ነው የቀረው። ከጀልባው የተመለሰው፣ እንዳይገለበጥ ከጎኑ የሚታሰርለት አንዱ የቀርከሃ ክንፍ ብቻ ነበር። የልጅቷ እናት ጥቂት ጠበቀችና ሴቡ ከተማ ሄዳ ሌላ አገባች። ጎረቤቶች «እርም ይውጣለት፣ ጸሎቱ ይደረግ» ቢሉ፣ ሎላ «መጀመሪያ ሬሳውን አሳዩኝ» አሉ። በደሴቲቱ ሰው ሲሞት የዘጠኙን ቀን ጸሎት የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ስሙን ጠርተው ያልሸኙት ሰው ሞተ አይባልም። የስንቱን ስም ጠርተዋል! የሮዴልዮን ግን እንቢ ብለው በጥርሳቸው ይዘውታል።

ስለዚህ ጁቪ ለራት ሁልጊዜ ሦስት ሳህን ትዘረጋለች።

«አባዬም እንደነዚህ ቱሪስቶች ሌላ ደሴት ላይ ቀርቶ ይሆናላ» ትላለች፣ ፊልሙ ከመጣ ወዲህ። «ጀልባ ነው ያጣው።»

ሎላ ሩዝ ይጨምሩላታል።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ዳይሬክተሩ ናንዶይ፣ የተበጠሰ ጫማውን በሽቦ እንዳሰረ፣ ወደ ሎላ መጣ።

«እማማ፣ ዛሬ ቀብር እንቀርጻለን። ጁቪ ሳጥኑ ውስጥ ትተኛልኝ። ዓይኗን መጨፈን ብቻ ነው።»

«የሬሳ ሳጥን ውስጥ? የኔን ልጅ?» ሎላ ልጅቷን ወደ ቀሚሳቸው ሳቧት። «ሞት እንደ ዶሮ ነው፤ ሲጠሩት እየሮጠ ነው የሚመጣው። አንተ እናት የለህም?»

«አለችኝ እማማ። እሷም እንዲሁ ነው የምትቆጣኝ።»

«ሎላ፣ እተኛለሁ! እኔ አልፈራም!»

«ዝም በይ! አንቺ ያልፈራሽውን እኔ እፈራልሻለሁ።»

ናንዶይ ራሱን አከከ። ባዶ ሳጥን ሲሸከሙት ቅለቱ ያስታውቃል።

«የሙዝ ግንድ ክተቱበት» አሉ ሎላ። «ሰው ያክላል።»

«እሺ፤ ግን ጸሎቱን እርስዎ ይምሩልኝ። የእውነት እንዲመስል።»

ሎላ ልጅቷን አዩ፣ ሳጥኑን አዩ። «እሷ አጠገቡ አትድረስ እንጂ፣ ለሙዝ ግንድም ቢሆን እጸልያለሁ።»

ከኮምፔንሳቶ የተሠራው ሳጥን ኮኮናት ዛፎቹ ሥር ተቀመጠ። ጁቪ ራቅ ብላ እንድትቆም ታዘዘች። ሎላ መቁጠሪያቸውን አወጡ።

«የሟቹ ስም ማን ነው?»

«ስም የለውም እማማ።»

«ያለ ስም ደግሞ ምን ጸሎት አለ?»

«እዚያ ጋ ሲደርሱ ዝም ብለው ያጉረምርሙ።»

ተንበርክከው ጀመሩ። ሁለት ቃል ሳይሄዱ ካሜራውም ዱቄቱም ከዓይናቸው ጠፋ። ዕድሜ ልካቸውን የመሩት ጸሎት ነው፤ እግር የቤቱን መንገድ እንደሚያውቅ ምላሳቸው ያውቀዋል። ሙታኑም ጎረቤቶቻቸው ናቸውና በየለቅሶው እንደለመዱት ይቀበሏቸዋል። ስም የሚጠራበት ቦታ ተደረሰ። ማጉረምረም ነበረባቸው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

«ለአገልጋይህ ለሮዴልዮ» አሉ።

«የዘላለም ዕረፍት ስጠው» አለ መንደሩ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ሁሉም የተባለውን ሰማ። ከሮዴልዮ ጋር ያደገው ቴሮይ መረቡን ከራሱ ላይ አወረደ፤ እንባው ዱቄቱን እየሰነጠቀ ወረደ። ሎላ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ ምን ያደርጋል፣ ወጥቷል። ማቆም ይችሉ ነበር። ግን ስሟ ተጠርቶ ጸሎቷ የተቋረጠባት ነፍስ መንገድ ላይ ተንጠልጥላ እንደምትቀር ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ልጃቸው አንዴ መንገድ ላይ ቀርቷል። እጃቸውን ከአፋቸው አነሡና ቀጠሉ፤ እስከ መጨረሻው።

«በቃ! አቁሙ!» ናንዶይ ዘሎ ተነሣ። «እማማ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም! ብቻ አንዲት ዶሮ በመሐል አለፈችብኝ። አንዴ ይድገሙልኝ።»

«አልደግምም» አሉ ሎላ ከተንበረከኩበት። «ልጄን ሁለቴ አልቀብርም።»

ቴሮይ በጆሮው አንሾካሾከለት። ናንዶይ ባርኔጣውን አወለቀና ካሜራውን እንዲያነሡ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ጁቪ ቁሚ ከተባለችበት አልተነቃነቀችም። ሎላ ከሳጥኑ አርቀዋታል፤ ከድምፃቸው ግን አላራቋትም። ፎጣቸውን ይዘው ወደ እሷ ሄዱ።

«ሎላ፣ ስሙን ጠራሽው።»

«አመለጠኝ፣ የኔ ዓለም።»

«አንቺ የምትጠሪው የሞተ ሰው ነው።»

ሎላ ለጨለማው፣ ለመብረቁ፣ እናቷ ለቀረችበት ቀን ሁሉ የሚያባብሉበት ውሸት ነበራቸው። ፈለጉ፤ አጡ።

«አዎ» አሉ። «የሞተ ሰው ነው።»

ልጅቷ ፊቷን ሆዳቸው ውስጥ ቀበረች። እሳቸው ከአንገቷ ላይ ሽሮፑንና ጉንዳኑን ይጠርጉላት ጀመር፤ ከጠራ በኋላም መጥረጋቸውን አላቆሙም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የማኒላ ሰዎች የካርቶን መርከባቸውን እየጫኑ ነበር። ጎረቤቶች ማንም ሳይጠራቸው ሎላ ቤት መጡ፤ የተጀመረ ጸሎት ዘጠኝ ቀን መድረስ አለበት። አንዱ ሩዝ፣ ሌላው ዓሣ ይዟል። ጆሮ ግንዳቸው ላይ ዱቄቱ ገና አልለቀቀም።

«ከሞት ተነሥተን መጣን» አለ ቴሮይ በሩ ላይ ቆሞ፤ ማንም ሳይስቅለት እሱ ራሱ አለቀሰ።

ጁቪ ሦስት ሳህን አወጣች። ልጅቷ ሦስተኛው ላይ ሩዝ አደረገች፤ አባቷ የሚወደውን የዓሣውን ጭንቅላት መርጣ ጨመረች። ጠረጴዛው ላይ ግን አላኖረችውም። ወደ ቅዱሱ ሥዕል፣ የሙታን ድርሻ ወደሚቀመጥበት መደርደሪያ ሄደችና በእግር ጣቷ ተንጠራራች።

«ሎላ፣ አልደርስም።»

ሎላ መጡና ሳህኑን ከሥር ደገፉላት። ሁለቱ አንድ ላይ አስቀመጡት።

«ይቀዘቅዝበታል» አለች ጁቪ።

ሎላ ፎጣውን ከትከሻቸው አወረዱና፣ ነፋስ እንዳያገኘው፣ ሳህኑን ከደኑት።