ረጅሟ ብሎን

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። ከአፉ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውኃ እንደ መጭመቅ ስለሆነ ሰፈሩ «ጸጥታ» ይለዋል። እኔን ግን ይወደኝ ነበር። ከጋራዡ ሲወጣ «ጋሼ፣ አለህ?» ብሎ በእኛ በር ሳይገባ አያልፍም።

ሙቀቱ የበረታ ሰሞን የመኪናዬን ኤሲ ሠራልኝ። በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ያረጁትን የጎማ ቀለበቶች ቀይሮ፣ ጋዝ ሞልቶ ሰጠኝ። ሁለት ሳምንት በረዶ የመሰለ አየር ነፋልን፤ ከዚያ ሞቀ። ድጋሚ ሞላው፣ ድጋሚ አለቀ። በመሀሉ አማቴን ከሆስፒታል ስናመጣቸው መንገዱ ተዘጋጋና በዚያ ሙቀት ከኋላ ወንበር ላይ ተዝለፈለፉ። ውኃ አፍስሰንባቸው ነው የነቁት።

እሳቸውን ቤት አስገብቼ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ከነፍኩ። ደንበኞቹ ቆመዋል።

«ጋዝ ነው አየር የሞላህልኝ? እናትህን ልትገድላቸው ነበር እኮ!» ብዬ ጮህኩበት።

እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እርስዎ» ይለኝ ጀመር። ቤታችንም መምጣቱን ተወ።

ከወራት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሚያፈስበትን ቦታ ራሴ ላገኘው ተነሳሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጠገኑ ይልቅ የሱን ጥፋት በዓይኔ ለማየት ነበር የጓጓሁት። በዋዜማው ሌላ ቦታ ያስሞላኋት ጥቂት ጋዝ አረፋ እንድታስነሳ ብዬ የሳሙና ውኃ በጥብጬ እሱ የነካቸውን መጋጠሚያዎች በሙሉ በስፖንጅ ቀባሁ። ምንም የለም። ድርቅ ያለ፣ ንጹሕ ሥራ።

የፊት መከላከያውን ፈትቼ፣ ከራዲያተሩ ፊት ያለችውን፣ ጋዙ የሚቀዘቅዝባትን ቀጭን ኮንደንሰር ስቀባ ግን አንዲት አረፋ አበጠች፣ ፈነዳች፣ እንደገና አበጠች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የብሎን ጫፍ ቱቦዋን ፍቆ ፍቆ በስቷታል።

ብሎኗን አወቅኳት። ጸጥታ ሥራውን በጨረሰ በሳምንቱ፣ ለጌጥ ብዬ ሁለት መብራት ከፊት የገጠምኩት እኔው ነኝ። አጭር ብሎን አጥቼ፣ «ምን ቸገረኝ» ብዬ ረጅም አሰርኩ።

ፈትቼ አወጣኋት። ባለቤቴ የታጠበ ልብስ ልትሰቅል ወጣች።

«አገኘኸው?»

«ገና ነኝ» አልኳት፤ ብሎኗን በመዳፌ ጨብጬ።

«እሱን ብትጠራው...» ብላ ጀመረችና የቀረውን ዋጠችው።

ኮንደንሰሯን ሌላ ጋራዥ ወስጄ ባስቀይራት ማን ያውቃል? ይህን አሰብኩ፣ አልዋሽም። ግን የዋጠችው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ያኔውኑ በቅባት እጄ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

ሦስት ደንበኞች ነበሩ። እስኪሄዱ ልጠብቅ አልኩ፤ ግን ስሰድበው መቼ ጠበቅኩ?

«ጋዙን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ለመብራት ባሰርኳት በዚህች ብሎን» አልኩ ሁሉም እየሰሙ። «አንተ ላይ ስጮህ ጥፋቱ የኔ ነበር። ይቅር በለኝ።»

ብሎኗን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ ለካት። ከዚያ ከሱ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል ተናገረ።

«ከዚያን ቀን ጀምሮ የኤሲ ሥራ አልቀበልም። እጄን ማመን አቃተኝ። እማዬንም እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።»

እኔ ላጠፋሁት! ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ።

በማግሥቱ መጥቶ ኮንደንሰሯን ቀየረልኝ። ባለቤቴ ነገሩን ከነገርኳት በኋላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። አማቴ ግን ሰምተው ሲያበቁ፣ «የኔስ ይቅር ልጄ። ለሱ ግን ጥፋቱ ያንተ እንደነበር እየተመላለስክ ንገረው፤ አንዴ የተሰበረ ልብ በአንድ ይቅርታ አይጠገንም» አሉኝ።

እየተመላለስኩ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለታክሲ ኤሲ ሊያሠራ መጥቶ፣ ያኔ የጮህኩትን ሰምቶ ኖሮ ሲያመነታ፣ «የኔን የሠራው እሱ ነው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ብዬ አስገባሁት። ጸጥታም አልመለሰውም፤ ሥራውን ጀመረ። ድሮ አንዴ ያጠበቀውን ዞር ብሎ አያየውም ነበር። አሁን ሦስቴ ተመልሶ ይነካካዋል። አጠገቡ ቆሜ እጁን አያለሁ።