የውሰት ትከሻ

ፎቶ አንሺው ነገሩን ያነሳው ሚስቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሸሚዝ ስትሰፋ ነው። ፊት ለፊት እያየችው ቢሆን አፉ አይታዘዝለትም ነበር።

«የሰማዕታት አዳራሹ ኃላፊ ዛሬም መጥቶ ነበር» አላት። «ምርቃቱ ደርሷል። የልጁን ፎቶ ያልሰጣችሁ እናንተ ብቻ ናችሁ ይላል።»

«የሙታን ፎቶ በሚሰቀልበት ግድግዳ ላይ የኔ ልጅ ምን ይሠራል?»

«አንቺ ሴትዮ…»

«አንቺ ሴትዮ አትበለኝ! ሲሞት አየሁት ያለ ሰው አለ? ቀበርኩት ያለ አለ? ጠፋ ነው ያሉን። የጠፋ ደግሞ ይገኛል።»

ጦርነቱ ካለቀ ቆይቷል። ያኔ ጠላት ይባሉ የነበሩት ዛሬ ወንድም ተብለዋል፤ መሪያቸው ለጉብኝት ሲመጣም ተማሪው ሁሉ ባንዲራቸውን እያውለበለበ መንገድ ዳር ቆሞ ውሏል። በሌላው ድንበር በኩል ደግሞ አዲስ ጠላት ተገኝቷል። ሬዲዮው የዘፈኑን ዜማ እንኳ ሳይለውጥ ስሙን ብቻ ቀይሮ ቀጠለ። የእነሱ ልጅ ግን ሰው ሁሉ በረሳው ጦርነት ውስጥ እንደቀረ ነው። እናቱ አላለቀሰችለትም። «አልቅሺና ይውጣልሽ» ያሏትን ሁሉ ተቀይማለች። ፎቶው አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ ማለት፣ ለእሷ፣ በገዛ እጇ አፈር መለሰችበት ማለት ነው።

መኖሪያቸውም የሆነው ፎቶ ቤት ድሮ ሙሽራ ከሙሽራ የሚጋፋበት ቤት ነበር። ግድግዳ የምትጋራቸው ፀጉር ሠሪ ሙሽሮቹን አሰማምራ በጓሮ በር ታስገባለታለች። «እኔ ዋሽቻለሁ፣ አንተ መስክር!» እያለች ትስቅበትም ነበር። ኋላ ሙሽሮቹ ቀሩና ገና የወታደር ልብስ ሳይለብሱ ለመታወቂያ የሚነሱ ምልምሎች መጡ። ከምልምሎቹ ኋላ እናቶቻቸው መጡ፤ አንዷ የተማሪ ቤት ጉርድ ፎቶ፣ ሌላዋ ከሠርግ ፎቶ ላይ የተቆረጠ ፊት ይዛ። አዳራሹ የሚቀበለው የወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ፊቱን በምላጭ ይቆርጣል፣ ወታደር ልብስ በለበሰ ሰውነት ላይ በሙጫ ይለጥፈዋል፣ የአንገቱን ስፌት በቀጭን ብሩሽ ያጠፋና እንደገና ያነሳዋል። ሚስቱ ይህን ሥራውን ታውቃለች። ግን ልጇ ከጠፋ ወዲህ ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ገብታ አታውቅም።

በምርቃቱ ዋዜማ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ወደ አዳራሹ ሄደች። ባሏን ታውቀዋለች፤ ፊት ለፊት እሺ ይልና በጓሮ የሚሠራ ሰው ነው። ደብቆ ሰቅሎት ቢሆንስ?

አዳራሹ ከጦርነቱ በፊት ሲኒማ ቤት ነበር። ወንበሮቹ ተነቅለው የቀሩት ከኋላ ያሉት ብቻ ናቸው። ድሮ ሸራው በነበረበት ግድግዳ ላይ የሟቾቹ ፎቶ በተርታ ተሰቅሏል። ከፎቶዎቹ ሥር አንዲት አስተማሪ ለነገው ሰልፍ ሕፃናት ታለማምዳለች።

ሴትየዋ ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች። የእሷ ልጅ የለም። ከመሃል አንድ ባዶ ቦታ ምስማሩ ብቻ ቀርቶለት ይጠብቀዋል። እፎይ አለች። «ይጠብቅ!» አለችና ልትወጣ ዞረች።

«ግራ ትከሻ ዝቅ!» አለች አስተማሪዋ። «ደረት ወደ ፊት፣ ግራ ትከሻ ዝቅ! እስቲ ጀግኖቹን እዩዋቸው። ማነው እንደ ሊጥ የቆመው?»

ሕፃናቱ ሁሉ ግራ ትከሻቸውን ዘመም አደረጉ።

ሴትየዋ መለስ ብላ ግድግዳውን አየች። አሁን ያየችው ከአንገት በታች ነው። እያንዳንዱ ሟች ግራ ትከሻው ዘመም ያለ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቱን የካሜራ ቦርሳ ሲሸከም እንደኖረው ልጇ። እያንዳንዱ ሟች ደረቱ ላይ ከሌሎቹ የሚተልቅ አንድ ቁልፍ አለው። ልጇ ሊሄድ ሲል ከወታደር ልብሱ አንድ ቁልፍ ጎድሎ፣ ከራሷ ካፖርት ላይ ቆርጣ የተከለችለት ቁልፍ ነው። አንዱ ልጇ ግድግዳ ሙሉ ሆኖ፣ በሰው ፊት ያያታል።

ቤት ስትደርስ ባሏ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል።

«አንተ! የልጄን አንገት ስንት ጊዜ ቆረጥከው?»

ምላጩን አስቀመጠ። ምን ማለቷ ነው ብሎ አልጠየቀም።

«ጥርት ብሎ የወጣ የወታደር ፎቶ የነበረኝ የእሱ ብቻ ነው» አላት። «መጀመሪያ ለአንዷ ብቻ ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላዋ መጣች። እያለቀሱ መጥተው የማንን ሰውነት ልስጣቸው?»

«የራስህን አትሰጥም ነበር?»

«የኔማ ሆዱን ማን ይሸሽግልኛል?» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ባይሆን እጄ ላይ ይውላል ብዬ ነው። ሥራ በመጣ ቁጥር አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ። አንቺ በር በሩን እያየሽ ትጠብቂዋለሽ፤ እኔ በምን ልጠብቀው?»

በዚህ መሃል የጓሮው በር ተከፈተና ፀጉር ሠሪዋ ገባች። የመጀመሪያ ልጇ ግድግዳው ላይ አለ። ሁለተኛውን አዲሱ ጦርነት እንደበላው የተነገራት በቅርቡ ነው። በእጇ የተማሪ ቤት ጉርድ ፎቶውን ይዛለች። ከባልየው ወደ ሚስትየው አየችና ነገሩ ገባት።

«አወቅሽ?» አለቻት።

«አንቺም ታውቂ ነበር?»

«እህቴ፣ የኔ ልጅ ትከሻው ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ሸሚዝ ነበር የሚመስለው። ያን የመሰለ ደረት ከየት ያመጣል? የወለድኩትን አላውቅም? ሁላችንም እናውቃለን። የዚህ ሰፈር ልጆች በሙሉ ከአንገታቸው በታች ያንቺ ልጅ ናቸው።»

«ታዲያ ሁላችሁም ዝም?»

«አንቺ ይመጣል እያልሽ በር በሩን ስታዪ፣ እኛ ተከፋፍለነዋል እንበልሽ?»

ሴትየዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና ጉርዱን ፎቶ ተቀበለች። ያሳደገችውን ያህል የምታውቀው ልጅ ነው፤ ኳሱን እየወረወረ መስኮቷን ይሰብርባት ነበር።

«ይኼ መዓተኛ» አለች ቀስ ብላ። «እሱም ነገ ይሰቀላል?»

«ቦታ የለም አሉኝ። የአዲሱ ጦርነት ሟቾች ሌላ አዳራሽ እስኪሠራላቸው ይጠብቁ አሉ። ለመሞት ሲጠሯቸው ግን ጠብቁ ያላቸው አልነበረም። እኔ ለራሴ ቤት እንዲሆነኝ ነው የመጣሁት።»

ፎቶ አንሺው ምላጩን ሳይነካ ቆሞ ሚስቱን ያያል። እሷ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና ወደ እሱ ገፋችው።

«ሥራለት። ከወንድሙ ጎን ባይሆንም መሃል ላይ ባዶ ቦታ አለ። ኃላፊውን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

«የልጃችን ቦታ ነው እኮ» አላት።

«ሰውነቱን ሰጥተኸው የለ? ቦታውንም ስጠው። ፊቱ ለኔ ይቅር።»

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። መሃል ላይ የነበረው ባዶ ቦታም የፀጉር ሠሪዋ ሁለተኛ ልጅ ተሰቅሎበታል። ኃላፊው ስለ አገር ብዙ ተናገረ፤ ስለ አሮጌው ጠላት ግን አንድ ቃል አልወጣውም፤ የወንድም አገር ተወካይ ከፊት በተዘረጋለት ወንበር ተቀምጧልና። ሕፃናቱ ትከሻቸውን ዘመም አድርገው አለፉ፤ ተጨበጨበላቸው።

ንግግሩ ሲያበቃ እናቶቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። እያንዳንዷ የልጇን ፊት በዓይኗ ፈልጋ ካገኘች በኋላ፣ ዞር ብላ ወደ ፎቶ አንሺው ሚስት መጣች። የተነጋገሩ አይመስሉም። ፊተኛዋ ፀጉር ሠሪዋ ናት። የሴትየዋን ሁለት እጆች በእጆቿ ያዘችና፣

«እግዜር ያጽናሽ» አለቻት።

ሴትየዋ ስንት ዘመን የለመደችውን መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ይመጣል ልትል ነበር።

«አሜን» አለች።

ከኋላዋ የቆመው ባሏ ሰማ። ከሲኒማ ቤቱ ከተረፉት ወንበሮች በአንዱ ላይ ቁጭ አለ። እናቶቹ በተራ እየመጡ እጇን ያዙ፤ እሷም ለእያንዳንዳቸው አሜን አለች።