ያልተከፈተው ካሴት

«አልበረካ ፊኩም» አለ የሟቹ አሠሪ ኡስታዝ ሙባረክ ሐዘንተኞቹን በዐረብኛ ሲያጽናና፤ ከዚያ ነቢዩ አጠገብ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የቢሮአችን ሰርቨር ትናንት ሞቷል። ያለን የመረጃው ቅጂ በለጠ የቀዳው ካሴት ብቻ ነው። አንተ ዘንድ ነው አሉኝ።»

ነቢዩ የሰርቨሩን ወሬ ትናንት ሰምቶ ካሴቱን ሮጦ ከፍቶት ነበር። ባዶ ነው። ይህን የሚያውቁት እሱና በሌላ ጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ዳውድ ብቻ ናቸው።

ዛሬ የጋሽ በለጠ ሠልስት ነው። ወባ በአምስት ቀን ወሰደችው።

በዚህችው የበለጠ የጀሪፍ ሰፈር ክፍል በለጠ፣ ነቢዩና ዳውድ ዓርብ ዓርብ ይሰበሰቡ ነበር፤ ሦስቱም በዐማራት ሰፈር ቢሮዎች ኮምፒውተር ሲጠብቁ የሸበቱ ሰዎች ናቸው። መብራት እንደመጣ ማሽኑን ለምን ቶሎ እንደማያስነሡት፣ ሀቡብ፣ የአሸዋው ማዕበል፣ ሲነሣ የትኛው መስኮት በእርጥብ ጨርቅ እንደሚደፈን፣ መጽሐፍ የማይናገረውን ሁሉ ይለዋወጣሉ። ሕግ ያወጣው በለጠ ነው፦ ማንም ራሱ የቀዳውን ካሴት አይመርምር። «እኔ የራሴን ሳይ ስሕተቱን እዘለዋለሁ፤ አንተ እየው» ይል ነበር። ዳውድ ሥራው ኔትወርክ ስለሆነ ካሴት የለውም። የበለጠን ነቢዩ፣ የነቢዩን በለጠ ይወስዳሉ።

ነቢዩ ግን ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልከፈተም። ያስተማረውን ሰው ሥራ መፈተሽ ነውር መሰለው። ካሴቱን ቤቱ ያሳድርና «ደህና ነው፣ ጋሼ» ብሎ ይመልሳል። ጨዋ መሆኑ ነው እንግዲህ።

«ባዶ ከሆነ» አለ ሙባረክ፣ «በለጠ ሲያታልለን ነበር ማለት ነው። ለሚስቱ ኢቃማ ልናድስላት ቃል ገብተን ነበር፤ እንግዲህ እናያለን።»

ነቢዩ የበለጠን ሚስት ይመኙሻልን አያት፤ ጥቁር ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ያለዚያ የመኖሪያ ወረቀት ፖሊስ ለከሻ፣ ለአፈሳ፣ በወጣ ቀን ከመንገድ ታፍሳ ትወሰዳለች።

ዳውድ በአማርኛ ሹክ አለው። «ዝም በል። ጋሽ በለጠን ከእንግዲህ ማንም አያስረውም። አንተን ግን ነገውኑ ከአገር ይጠርዙሃል።»

ነቢዩ ፈራ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

«ኡስታዝ» አለ በዐረብኛ፣ ይመኙሻልም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ካሴቱ ባዶ ነው። መመርመር የኔ ፈንታ ነበር። አንድም ቀን ሳልከፍት ደህና ነው አልኩት። ብነግረው በዚያው ቀን ያስተካክለው ነበር።»

«እሁድ ጠዋት ከነፓስፖርትህ ቢሮ ና» ብሎ ሙባረክ ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ይመኙሻል ዞረ። «አንቺም ወረቀትሽን ይዘሽ ነይ። ይታደሳል።»

ሙባረክ ወጥቶ ሄደ።

«ኧረ ነቢዩ» አለች ይመኙሻል ቀስ ብላ። «እሱስ ያንተን መቼ ከፍቶ ያውቃል? ‹የነቢዩን ሥራ ደግሞ ማን ይፈትሻል› እያለ እዚህ ሥር ነበር የሚያስቀምጠው።»

ከፍራሹ ሥር አንድ ካሴት አወጣች፤ በለጠ ከመታመሙ በፊት በነበረው ዓርብ ነቢዩ የሰጠው ነው። አቧራውን በነጠላዋ ጠርጋ ዘረጋችለት።

ከቀብሩ ጀምሮ እንቢ ያለው እንባ አሁን መጣ። ነቢዩ ካሴቱን አልተቀበላትም። እጇን ይዞ በቀስታ ወደ ዳውድ አዞረው። «አንተ እየው» አለው።