የሸሪፋ ኮራል

የኮሌጅ መምህሯ ሸሪፋ ጣና ዳር ሹም አቦ ሰፈር ባለው ቤቷ፣ በትንሽ የመስታወት ገንዳ ጨዋማ ውሃ በጥብጣ፣ ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳና ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች ታኖራለች። አባቷ ሳሊህ ዕድሜ ልካቸውን ጣና ላይ ዓሣ ያጠመዱ ሰው ናቸው። «ጣና ደጅሽ ሆኖ ውሃ ላይ ጨው ትነሰንሻለሽ?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሊጠይቋት በመጡበት መብራት ጠፋና ውሃውን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ኮራሉ ተኮማተረ፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር።

«አየር አጠራቸው!» አለች ሸሪፋ።

ሳሊህ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ዓሣ ስገድል ኖርሁ፤ ዛሬ ደግሞ ላድን። ጣሳ አምጪ!»

እየተፈራረቁ ውሃውን በጣሳ ቀድተው ከፍ አድርገው መልሰው ሲያፈሱ ዋሉ። ክንዳቸው ቢዝልም አላቆሙም። አመሻሽ ላይ መብራቱ መጣ።

በማግስቱ ሸሪፋ ስትነሳ አባቷን ገንዳው ፊት ቁጢጥ ብለው አገኘቻቸው። ኮራሉ እንደ አበባ ፈክቷል፤ ዓሦቹም በመካከሉ ሽር ብትን ይላሉ።

«አልሐምዱሊላህ! ተረፉልን!» ብላ ዘላ አቀፈቻቸው።

ሳሊህ ስልካቸውን አንስተው ቁንዝላ ላለው ወንድማቸው ደወሉ። «ኢብራሂም፣ ቶሎ ና! ልጄ ሳሎኗ ውስጥ ባሕር አላት!» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።