ፀሐይ ላይ የታየው ፖስታ

በሆስፒታሉ የትርፍ አንጀት ጥናት ታካሚዎችን የምትመዘግበው ሲስተር ትዕግሥቷ ተሟጦ ያለቀው በአርባ አንደኛዋ ታካሚ ላይ ነው።

ጥናቱ ለመናገር ቀላል ነበር። ትርፍ አንጀቱ ታሞ የመጣ ሰው ከተስማማና ከፈረመ የታሸገ ፖስታ ይከፈትለታል። "ቀዶ ሕክምና" ከወጣለት ኦፕራሲዮን ይሆናል፤ "መድኃኒት" ከወጣለት ተኝቶ በመርፌና በክኒን ይታከማል። ዕጣው የማንንም ፊት አያይም።

ያን ቀን ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ ሆዷን ይዛ መጣች። ሲስተር አስፈርማት ፖስታ ልታመጣ ቢሮ ስትገባ፣ ሠራተኛው ሁሉ "ጋሼ" የሚላቸው አንጋፋው ቀዶ ሐኪም መስኮቱ ሥር ቆመዋል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ፖስታውን ፀሐይ ላይ ያዩታል።

"ምን እያደረጉ ነው ጋሼ?"

"ይሄ መድኃኒት ነው የሚለው። ለሷ አይሆናትም፤ ቀጣዩን ክፈቺላት።"

ሲስተር ክው አለች። "ስንቱን እንዲህ አይተዋል?"

"ሁሉንም አይደለም። የጠናበትን ሰው ለክኒን አልሰጥም። ሠላሳ ዓመት ሆድ ከፍቻለሁ፤ ሳየው አውቀዋለሁ።"

"ካወቁት ምን ያስጠናናል? የጠናበትን እርስዎ ወስደው ቀላል ቀላሉን ለመድኃኒቱ ከተዉለት፣ ሁሉን ያዳነ እሱ ይመስላል። ክኒኑን በገዛ እጅዎ እያስመሰገኑት ነው እኮ።"

ጋሼ ፖስታውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ይሄንን አላሰቡትም ነበር።

ሲስተር ለጥናቱ ኃላፊ ደወለች። አርባውም ታካሚዎች ከጥናቱ ተሰረዙ። አሥራ አራት ወር ሙሉ ስትደውል፣ ቤት ድረስ ስትሄድ፣ "ቁስሉ እንዴት ነው" ስትል የከረመችው ሁሉ ውኃ በላው። መሳቢያውን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው፤ ለጋሼ ግን ክፉ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ ዕጣው ከጥናቱ ዋና ቢሮ በስልክ ይነገር ጀመር። ለልብስ ሰፊዋም "መድኃኒት" ወጣላትና በአራተኛው ቀን ድና ወደ ቤቷ ሄደች።

ውጤቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ደረሰ። በመድኃኒት ከታከሙት ከየአሥሩ ሰው ሰባቱ ዓመቱን ያለ ቢላዋ ዘልቀዋል፤ ሦስቱ ተመልሰው ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ልብስ ሰፊዋ ከተመለሱት አንዷ ነበረች፤ የቀደዷትም ጋሼ ራሳቸው ናቸው።

"አላልኩሽም?" አሉ ወረቀቱን እያገላበጡ። "ተመልሰው እኔው ጋ ነው የሚመጡት።"

"ሰባቱስ?"

"እነሱንማ የት አውቃቸዋለሁ? መጥተው አያውቁም።"

ሲስተር ስልክ ቁጥራቸው ያለበትን መዝገብ አምጥታ ፊታቸው ዘረጋችው።

"እንግዲያው ይደውሉላቸው" አለች፣ ወንበርም ሳበችላቸው።

ጋሼ እያጉረመረሙ መነጽራቸውን አደረጉና የመጀመሪያውን ቁጥር መቱ።