የታረመው ደብተር

እናትየው በሆስፒታል የልብስ ክፍል የተቀደደ አንሶላ ስትሰፋ ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። የተማረችው እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግጥም ግን ከአፏ አይጠፋም። የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ትገጥማለች፤ ሲመቻት በእርሳስ ደብተሯ ላይ ታሰፍረዋለች። ጡረታ ልትወጣ ስትል ባልደረቦቿ ግጥሞቿን በትንሽ መጽሐፍ ሊያሳትሙላት ተስማሙ። ደብተሩን ለልጇ ሰጠቻት።

"አደራ፣ ፊደል ከገደፍኩ አስተካክይልኝ።"

ልጅቷ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ግጥም ታስተምራለች። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ወረቀት ስታርም ቆይታ ዓይኗ ደፍርሷል። በዚያው እጇ የእናቷን ደብተር ከፈተች። የየስንኙን ቀለም ቆጠረች፣ ቤት ያልመታውን አስመታች፣ የድሮውን በላጲስ እያጠፋች አዲሱን በእስክሪብቶ ጻፈችበት። እሑድ ከሰዓት ሠላሳ አንዱንም ግጥም ይዛ ሄዳ አነበበችላት።

እናትየው እግሯን ዘርግታ አዳመጠች።

"ጥሩ ነው። የማን ነው?"

"እማዬ! ያንቺ ነዋ!"

"የኔ? እስቲ ያንን የአንሶላውን ድገሚልኝ።"

"ስንቱን አስተኛኸው አንተ ነጭ አንሶላ፣
አንድ ቀን ሳትተኛ መካከልህ ላላ።"

"ሳሳ ነው ያልኩት።"

"'ሳሳ' ከ'አንሶላ' ጋር ቤት አይመታም'ኮ።"

"አይምታ! አንሶላ ይሳሳል እንጂ ይላላል እንዴ? የሚላላው ላስቲክ ነው።" ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም እንጂ።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን አወጣች። "በይ የቀድሞውን ንገሪኝ፣ ልመልሰው።"

እናትየው ዓይኗን ጨፍና ወለሉን በእግሯ ረገጥ ረገጥ እያደረገች አስታወሰች። አንዳንዱ መጣላት፤ ብዙው እምቢ አለ። አንዷ ላይ ስትደርስ ፈገግ አለች። "ይቺን ግን ደግ አድርገሽ ቆርጠሻታል። ለኔም ጅራቷ ይረዝምብኝ ነበር።"

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አሥራ አንድ ብቻ አገኙ።

"የቀሩትስ?"

"እኔ እንጃ። አንዴ መጥተው ነበር፤ ሄዱ።"

"ይቅርታ እማዬ።"

"ተይው ልጄ፣ አንቺም ደክሞሽ ነው።"

መጽሐፏ በአሥራ አንዱ ብቻ ቀጥና ታተመች። በስንብቱ ዕለት ባልደረቦቿ እያገላበጡ "ይቺው ናት እንዴ?" ሲሏት፣ እናትየው "ምን ላድርግ፣ ሌላውን ረሳሁት" አለች። ልጅቷ ከኋላ ቆማ ሰማች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት" ለማለት ጉልበት አጣች።