የጳጉሜን መርፌ

ጳጉሜን 3 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተር ምስክር ከቀየት ጤና ጣቢያ ተነሥታ፣ እስከ ጉልበቷ በጭቃ ተለውሳ፣ ጓሳ ዳር ካለው ጸበላችን ደረሰች። እሑድ ነበር፤ የሩፋኤል ዕለት። ቅዳሴ ተፈጽሞ ሕዝቡ ሊጠመቅ ተሰልፏል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ቤተል የበግ ጠጉር ባና ተከናንባ ከፊቴ ቆማ ትንቀጠቀጣለች።

ሲስተር የመጣችው ለእሷና ለሌሎች አራት ልጆች ነው። የአምስቱም ልብ በቶንሲል ሰበብ ተጎድቷል። ደብረ ብርሃን በመሣሪያ የታዩ ጊዜ ሐኪሙ የልባቸው በር ከዚህ እንዳይብስ በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን እንዲወጉ አዘዘ። ልጅ ይዞ መሐል ሜዳ መመላለስ ሲያቅተን፣ ሲስተር መድኃኒቱን ይዛ ወር በገባ በአምስተኛው ቀን፣ በአቦ፣ ደብራችን ድረስ እየመጣች ትወጋልን ጀመር። በአቦ ማንም ቤቱ አይቀርምና ሁሉም ወደደው።

ጳጉሜንን ግን ማንም አላሰበም። ከነሐሴ አቦ እስከ መስከረም አቦ አምስት ሳምንት ያልፋል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሲስተር ይህን አስተውላ፣ በጳጉሜን እመጣለሁ ብላ ልካብን ነበር። እኛ ደግሞ ጸበል ላይ ነን፣ ጸበል የያዘ ሰው መርፌ አይወጋም፣ ለአቦ ይድረስልን ብለን መለስን። ታላቋን ልጄን፣ እሷም ትወጋ የነበረችውን ጌታነሽን፣ ዘመን መለወጫ ሰሞን ጉሮሮዋን አመማት። ጉልበቷ አበጠ፤ ቀጥሎ ትንፋሽ አጠራት። ስትተኛ ስለሚያፍናት ጀርባዋን በጀርባዬ ደግፌ ተቀምጠን እናድር ነበር። ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ልጅ ነበረች። ኅዳር ላይ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ ቀበርኳት።

አሁንም ያው ጳጉሜን፣ ያው ጸበል። አጥማቂው አባ መልከ ጼዴቅ መቋሚያቸውን ተክለው ሲስተርን አስቆሟት። አልተቆጧትም፤ ልጆቹ ሱባዔያቸውን ይጨርሱ፣ ለአቦ ተመለሽ አሏት። እሷ የመድኃኒቱ ጊዜ ዛሬ እንደሚያበቃ አስረዳች። ከሰልፉ አንዱ፣ ከመርፌና ከሩፋኤል ማን ይበልጣል ብሎ ቢጠይቃት ሰው ሳቀ። እሷ ወደ እኔ አየች። እኔም ወደ ባለቤቴ አየሁ።

ባለቤቴ መምሬ መርስዔ ኃዘን የደብሩ ቄስ ናቸው። በፊተኛው ዓመት «ለአቦ ይድረስልን» ብለው የላኩት እሳቸው ነበሩ። ከቀብሩ ወዲህ ስለ መርፌ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አሁን መስቀላቸውን እንደያዙ መጡና ቤተልን እጇን ይዘው ከሰልፉ አወጧት።

«መምሬ፣ እርስዎ እንዲህ ካደረጉ ሕዝቡ ምን ይላል?» አሉ አባ።

«አባ፣ ይህን ውኃ የባረከ አምላክ መርፌውን አያውቀውም?» አሉ ባለቤቴ። «ዛሬ የፈዋሹ መልአክ ቀን ነው። አንዷን ለአቦ ይድረስ ስል ቀብሬያለሁ። ይቺ ግን ትጠመቃለች፤ ትወጋለችም።»

አባ መልከ ጼዴቅ የተከሉትን መቋሚያ ነቀሉ። ከዚያ ሄደው የጎጇቸውን በር ከፈቱና፣ ልጅ ነፋስ ላይ ተገልጦ አይወጋም፣ ውስጥ እሳት አለላችሁ አሉ።

ቤተል ገባች። ስትወጣ አባቷ አመመሽ ወይ ቢሏት፣ «ከጸበሉ ቅዝቃዜ ይሻላል» አለች። አባ ራሳቸው ሳቁ። ይኼኔ ከአራቱ የአንዱ፣ የኪዳነ እናት ልጇን እየጎተተች ተነሣች፤ የቀሩት ሦስቱም ተከተሉ። ሲስተር መድኃኒቱ እንዳይከብዳቸው ብላ ለግማሽ ሰዓት ያህል እሳቱ ዳር አስቀምጣ ጠበቀቻቸው። ሲወጡ ዝናብ ጣለ። የሩፋኤል ዝናብ በረከት ነውና ሕዝቡ እጁን ዘርግቶ ተቀበለው፤ አምስቱ ልጆች በመካከሉ ይሯሯጣሉ። እኔ እልል አልኩ። ከኅዳር ወዲህ ከአፌ እልልታ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፤ ባለቤቴ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ አቅንተው ቆሙ።

ከዚያ ወዲህ መርፌው በየአራት ሳምንቱ እሑድ፣ በአባ ጎጆ ሆነ። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ጎረቤት አጥቢያዎች ልጆቻቸውን ማስመርመር ጀመሩ። ቤተል አሁን አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ መሐል ሜዳ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች።